ብቻውን የሠራው ማን ነው?

በ1961 መገባደጃ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ አዲስ ኮምፒውተር ገባ። ፒዲፒ-1 ይባላል። ወደ 120 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማሽን ነው፤ አምራቹ ዴክ የተባለው ኩባንያ ለተቋሙ በስጦታ ሰጥቶታል። ወጣት ፕሮግራመሮቹን የማረካቸው ግን አብሮት የመጣው ክብ ስክሪን ነበር። ስቲቭ ራስል፣ ማርቲን ግሬትዝና ዌይን ዊታነን የተባሉ ጓደኛሞች በዚህ ስክሪን ላይ ሁለት የጠፈር መርከቦች የሚዋጉበት ጨዋታ አሰቡ። ኮዱን እንዲጽፍ የታጨው ራስል ነበር። እሱም ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ነጎደ። ሲወተውቱት፣ መርከቦቹን ለማዞር የሳይንና የኮሳይን ስሌት ፕሮግራም ያስፈልገኛል፣ እሱን ደግሞ መጻፍ አልችልም አለ። አለን ኮቶክ የተባለ ባልደረባቸው ይህን ሲሰማ ወደ ዴክ ሄደ፤ ፕሮግራሙ የሰፈረበትን የወረቀት ቴፕ ይዞ መጣና ለራስል ሰጠው። ምክንያት አለቀ።

ራስል ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋ ሥራ አፍስሶበት በ1962 መጀመሪያ «ስፔስዋር» ለመጫወት በቃ። ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፒተር ሳምሰን የጨዋታው ሰማይ ላይ እንደ ነገሩ የተበተኑትን ነጠብጣቦች አይቶ አላስቻለውም፤ እውነተኛዎቹን ከዋክብት በየቦታቸው፣ በየድምቀታቸው የሚያሳይ ፕሮግራም ጽፎ ጨመረበት። ዳን ኤድዋርድስ በስክሪኑ መሐል መርከቦችን ወደ ራሷ የምትስብ ፀሐይ አስገባ፤ ጨዋታው ከተኩስ ልውውጥ ወጥቶ የስሌት ፍልሚያ የሆነው በእሷ ነው። ግሬትዝ ጭንቅ ውስጥ የገባ ተጫዋች ከስክሪኑ ተሰውሮ ሌላ ቦታ ብቅ የሚልበትን ዘዴ ፈጠረ። በኮምፒውተሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ላይ ጎንበስ ብለው ሲጫወቱ ክርናቸውን ያማቸው ነበርና፣ ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ሳጥን ሠሩ። ዛሬ ልጆቻችን እጅ ላይ ለምናየው ጆይስቲክ ታላቅ ወንድሙ ያ ሳጥን ነው። በዚህ ሁሉ ማንም ሳንቲም አላገኘበትም። ዴክ ግን ጨዋታውን አዲስ ማሽን ደህና መሥራቱን ለመፈተሻ ተጠቅሞበታል።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን ሁሉ «የስቲቭ ራስል ስፔስዋር» ብለው በአጭሩ ይዘጉታል። የጌም ታሪክ አንድ ስም ይወዳል። ትልልቅ ኩባንያዎችን ሳይጠጉ፣ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ሐሳብ ስለሚሠሩት ነጻ ጌም ሠሪዎች ሲወራ ደግሞ ፍቅሩ ይብሳል፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ሚሊዮኖች። ታሪኩ ውሸት ነው አልልም። ተሰጥኦም ትጋትም ያለበት እውነተኛ ታሪክ ነው። ሆኖም እነዚህን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከዋናው ስም ጀርባ ሌላ እጅ ያገኛል፤ ከትጋቱ ጀርባ ደግሞ የትጋቱን ዓመታት ወጪ የሸፈነ ሰው ያገኛል። በጌም ጽሑፎቻችን ውስጥ ሊነገር ሲገባው የሚዘለለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ስም የመውደዱ ልማድ ከየት መጣ ቢባል፣ ሥሩ ስም ከመነፈግ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አታሪ የጌም ገበያውን ይመራ በነበረበት ዘመን አንድን ጨዋታ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራው ነበር። ሐሳቡም፣ ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ ኮዱም የእሱ ነው። ሳጥኑ ላይ ግን ስሙ አይጻፍም። በ1979 ዴቪድ ክሬንን ጨምሮ አራት ፕሮግራመሮች አታሪን ለቀው አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ ጨዋታዎቻቸውንም የሠሪውን ስም እየጻፉ መሸጥ ጀመሩ። እዚያው አታሪ ይሠራ የነበረው ዋረን ሮቢኔት «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታው ውስጥ አለቆቹ የማያውቁት ምስጢራዊ ክፍል ሠርቶ ስሙን ደበቀበት። ስም ማግኘት መብት ነበር፤ በትግልም ተገኘ። ችግሩ ጨዋታዎቹ እየሰፉ፣ የሠሪዎቹም ቁጥር እየበዛ ሲሄድ፣ ሽፋኑ ላይ የነበረው የአንድ ስም ቦታ እዚያው የአንድ ስም ቦታ ሆኖ መቅረቱ ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ዓይነት ትውልድ ተነሣ። በ1982 የወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም ኮምፒውተር አነስተኛው 125 ፓውንድ ስለነበር የሠራተኛ ቤተሰብም ለልጁ ሊገዛው ይችል ነበር። ማቲው ስሚዝ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በ1983 «ማኒክ ማይነር»ን ሠራ፤ በካሴት ተሽጦ አገሩን አዳረሰ። በዓመቱ ያስከተለው «ጄት ሴት ዊሊ»ም በብዛት ተሸጠ። ሦስተኛው ሲጠበቅ አልመጣም፤ ተጀመረ፣ ተወራ፣ ቀረ። ስሚዝ ተሰጥኦ አልጎደለውም። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ የአንድ አገር ገበያ ጫንቃው ላይ ሲወድቅ አብሮ የሚሸከምለት መጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ከስሚዝ ታሪክ ጎን «ኢሊት»ን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጂሰስ ኮሌጅ የተገናኙ ተማሪዎች ነበሩ። ብሬበን በሦስት አቅጣጫ የሚሽከረከሩ መርከቦችን በስክሪን ላይ የሚሥል ኮድ ነበረው፤ ቤል የራሱን ጌም መሥራት ጀምሯል። ሁለቱ ተጣምረው ሁለት ዓመት ገደማ ሠሩ። የያዙት ኮምፒውተር፣ ቢቢሲ ማይክሮ፣ ያለው ማስታወሻ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶ ከዚያ መቶ እጥፍ ቢበልጥ አይገርምም። በዚያች ጠባብ ቦታ አንድ ሙሉ ኅዋ ለማስገባት ፕላኔቶቹን በመጻፍ ፈንታ በስሌት እንዲፈጠሩ አደረጉ፤ ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ ቀመሩ የፕላኔቱን ስም፣ አቀማመጥና ገበያ ያወጣል። ቀመሩ ለቁጥር የሚታክቱ ጋላክሲዎችን ማውጣት ይችል ነበር። አሳታሚያቸው አኮርንሶፍት ግን ይህ ሁሉ ከበዛ ተጫዋቹ ሰው ሠራሽነቱን ይነቃበታል ብሎ እንዲቀንሱ መከራቸው። በ1984 ሲወጣ እያንዳንዳቸው 256 ፕላኔቶች ያሏቸው ስምንት ጋላክሲዎች ነበሩት። አንድ የታወቀ አሳታሚ አስቀድሞ ጨዋታውን አይቶ አልፈልግም ብሎ ነበር። ሁለት ጎበዝ ተማሪዎችና «ይህን ቀንሱ» ያለ አንድ አሳታሚ፤ «ኢሊት» የእነዚህ የሦስቱ ነው።

በዚያው በ1984 ሞስኮ ውስጥ፣ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል፣ አሌክሲ ፓጂትኖቭ ከሥራው ጎን ለጎን «ቴትሪስ»ን ፈጠረ። ከአምስት አምስት ካሬ የተሠሩ ቅርጾችን ከሚያገጣጥም የቆየ የእንጨት ጨዋታ ተነሥቶ ካሬዎቹን አራት አራት አደረጋቸው፤ ከላይ እንዲወርዱም አደረገ። ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ብሎኮቹ የተሠሩት ከሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ነበር። ለሐሳቡ ሌላ ሰው ማንም አይጠቀስም፤ የእሱ የብቻው ነው። ይሁን እንጂ ያ ጨዋታ በዚያ ማሽን ላይ ቢቀር ከማዕከሉ ግቢ አይወጣም ነበር። ያወጡት ባልደረባው ዲሚትሪ ፓቭሎቭስኪና ቫዲም ገራሲሞቭ ናቸው። ገራሲሞቭ ያኔ ኮምፒውተር ሲነካካ ከማዕከሉ የማይጠፋ የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። ለአይቢኤም ኮምፒውተር ባለ ቀለሙን ቅጂ ከሠሩ በኋላ «ቴትሪስ» በዲስኬት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ሞስኮን አጥለቀለቀ፤ ድንበርም ተሻገረ።

የገንዘቡ ታሪክ የተለየ ነው። በሶቪየት ሕግ የጨዋታው ባለቤት መንግሥት ነበር። በ1989 ኒንቴንዶ «ቴትሪስ»ን ከጌምቦይ ጋር አያይዞ በሚሊዮኖች ሲሸጥ ፓጂትኖቭ የሮያልቲ ክፍያ አልነበረውም፤ ክፍያው የጀመረው በ1996፣ መብቱ ሲመለስለት ነው። ያንን መብት አብሮት ያስከበረው ሄንክ ሮጀርስ ለድርድር ሞስኮ ሲገባ ከእሱ ጋር የተዋወቀ የጌም ነጋዴ ነበር። ወዳጅነታቸው እስካሁን ዘልቋል። የገራሲሞቭ ስም ግን ከድርድሩም ከገንዘቡም ውጭ ቀረ። ይህን በሚመለከት ማን ምን ይገባዋል ብሎ መፍረድ የእኔ ቦታ አይደለም፤ ያ ልጅ የሠራው ሥራ ባይኖር ዓለም «ቴትሪስ»ን በዚያ ፍጥነት አያውቀውም ነበር ማለት ግን እችላለሁ።

1990ዎቹ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ዘመን ነው። ጨዋታ የሚሸጠው በሱቅ መደርደሪያ፣ መደርደሪያውም በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነበርና ብቻውን የሚሠራ ሰው መግቢያ አጣ። እንደዚያም ሆኖ የማይታክቱ ነበሩ። ጃፓናዊው ዳይሱኬ አማያ «ኬቭ ስቶሪ»ን በትርፍ ሰዓቱ አምስት ዓመት ሠርቶ በ2004 በነጻ ለቀቀው፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት በፈቃደኝነት የሠሩ ወዳጆች ናቸው። ከዚያ በሮች በረከቱ፤ ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሱቅ የሌሎችን ጨዋታዎች በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ፣ ኤክስቦክስ ለትናንሽ ጨዋታዎች የራሱን ሱቅ ከፈተ። በ2008 ጆናታን ብሎው «ብሬይድ»ን ሲያወጣ ነጻ ጌም ሠሪ የሚለው ማንነት በዓለም ሚዲያ ተነገረ። ሥዕሉን የሠራው ዴቪድ ሄልማን እንደነበር ስንቱ ያስታውሳል?

ብቻውን ሠራ ለሚለው ታሪክ ከሁሉም የሚቀርበው ኤሪክ ባሮን ነው። ስለ እሱ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ተሰጥኦን፣ ትጋትንና ትብብርን ለይቶ ለማየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2011 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ታኮማ ቅርንጫፍ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ፈለገ፤ አላገኘም። እስከዚያው ፕሮግራሚንግ ልለማመድ ብሎ በልጅነቱ ይወደው የነበረውን የጃፓን የእርሻ ጨዋታ፣ «ሃርቨስት ሙን»ን፣ የሚመስል ትንሽ ጌም ጀመረ። ያሱሂሮ ዋዳ ያንን ጨዋታ በ1996 ያወጣው በገጠር ያሳለፈውን ልጅነት ቶኪዮ ሆኖ እያሰበ ነው። ከተማ የሚኖር፣ አያቱ የተውለትን እርሻ ተረክቦ ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው ታሪክ፤ ባሮን ይዞ የተነሣው ይህን ነበር። በወራት የሚያልቅ የመሰለው ሥራ አራት ዓመት ተኩል ፈጀ።

የሠራውን ዝርዝር ማየት ያደክማል። ኮዱን ጻፈ። እያንዳንዱን ዛፍ፣ እያንዳንዱን ዓሣ፣ የመንደሩን ሰዎች ፊት ሁሉ ሣለ፤ ሥዕሉ ሲሻሻልለት የቀድሞዎቹን ጥሎ እንደገና ሣለ። ንግግራቸውን ጻፈ። ሙዚቃውን ደረሰ። በቀን አሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ ቅዳሜና እሑድን ሳይለይ ተቀመጠበት። «ስታርዲው ቫሊ» በየካቲት 26፣ 2016 ሲወጣ በሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በ2024 መጨረሻ የተሸጠው ቅጂ 41 ሚሊዮን ደርሷል። አንድ ሰው የእነዚህን ሁሉ ሙያዎች ጫፍ ይዞ፣ አንድ ቀለም አንድ መንፈስ እንዲኖራቸው ማድረጉ ተሰጥኦ ካልሆነ ምን ተሰጥኦ ይባላል? ጨዋታውን የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፤ ሙዚቃው፣ ወቅቱና የሰዎቹ ወግ ከአንድ ልብ እንደወጡ ያስታውቃሉ።

አሁን ደግሞ ሌሎቹን እጆች እንይ። በእነዚያ አራት ዓመት ተኩል ኪራይ የሚከፈል፣ ምግብ የሚበላ ነበር። ባሮን በሲያትል ፓራማውንት ቴአትር ተመልካቾችን ወደ ወንበራቸው የማድረስ የትርፍ ሰዓት ሥራ ይሠራ ነበር፤ በዚያ ደመወዝ ግን ቤት አይቆምም። ቤቱን ያቆመችው የፍቅር ጓደኛው ናት። እሷም ትማራለች፣ ትሠራለች፤ እሱ ገና አላለቀም በሚልበት ዓመት ሁሉ ወጪውን ተሸከመች። የእሷን ድርሻ እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ ማንበብ ይበቃል ብዬ አላስብም። በሌላ ስቱዲዮ ቢሆን ይህን ሥራ የሚሠራው ገንዘብ አቅራቢ ይባላል፣ ስሙ ከጨዋታው መግቢያ ላይ ይመጣል።

ቀጥሎ በ2013 ቸክልፊሽ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ መጣ። ድረ ገጹን፣ ሽያጩን፣ ማስታወቂያውን ተረከበለት፤ ሰውየው ፊቱን ወደ ሥራው ብቻ እንዲመልስ አስቻለው። ጨዋታው ከወጣ በኋላ ወደ ሌሎች መጫወቻ ማሽኖችና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የተሸጋገረው በሌሎች እጅ ነው። በ2018 የመጣው ብዙ ሰው አንድ እርሻ ላይ አብሮ የሚጫወትበት ክፍል፣ ዋናው የኔትወርክ ሥራው የቸክልፊሽ ፕሮግራመሮች ነበር። ዛሬ ከባሮን ጋር ትንሽ ቡድን ይሠራል። ብቻዬን ሠራሁት ብሎ የተኩራራበት ጊዜ አላየሁም፤ የተኩራራነው እኛ ነን፣ ስለ እሱ የጻፍነው።

ከዚህም የባሰ የማይታይ እጅ አለ። ባሮን «ስታርዲው ቫሊ»ን የጀመረው ኤክስኤንኤ በተባለ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው። ማይክሮሶፍት በ2013 መሣሪያውን ከዚህ በኋላ አላሳድገውም ብሎ ተወው። ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ግን ያንኑ አሠራር ሞኖጌም በሚል ስም፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ አቆዩት፤ «ስታርዲው ቫሊ» ራሱ በኋላ ወደ ሞኖጌም ተሸጋግሯል። ሚሊዮኖች የሚጫወቱት የአንድ ሰው ጨዋታ ማታ ማታ ያለ ክፍያ ኮድ ሲያርሙ በሚያመሹ ሰዎች ደቦ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ይህ ደቦ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግልጽ የሆነው በመስከረም 2023 ነበር። በኮፐንሃገን ተወልዶ የነጻ ጌም ሠሪዎች ዋና መሣሪያ የሆነው ዩኒቲ፣ ጨዋታ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ አለ። ቁጣው ብርቱ ነበር፤ ብዙዎች አርጀንቲናውያን ወደጀመሩት ነጻውና ክፍቱ ጎዶ ፊታቸውን አዞሩ። በ2011 በወጣው «ቴራሪያ» የሚታወቀው ሪሎጂክ በዚያው ወር ለጎዶና ኤፍኤንኤ ለተባለ ሌላ ክፍት መሣሪያ ለእያንዳንዳቸው 100 ሺህ ዶላር ሰጠ፤ በየወሩም እጨምራለሁ አለ። ዩኒቲ በዓመቱ ክፍያውን ሰርዞታል።

አብሮ መሥራት ሁልጊዜ ትልቅ ቡድን ማለት አይደለም። አውስትራሊያ አደላይድ ከተማ ያለው ቲም ቼሪ የተባለ ስቱዲዮ ዋና ሰዎቹ አሪ ጊብሰንና ዊልያም ፔለን ናቸው። በ2014 ከሕዝብ ያሰባሰቡት 57 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነው፤ ለሁለት ሰው እንኳ ለጥቂት ጊዜ የሚበቃ። «ሆሎው ናይት» የተባለው ጨዋታቸው በ2017 ወጣ፤ ሙዚቃው የክሪስቶፈር ላርኪን ነው፤ ያለዚያ ሙዚቃ ያ የጉንዳኖችና የጢንዚዛዎች ዓለም እንዲህ አያሳዝንም ነበር። ከእሱ የሚሊዮኖች ሽያጭ ያገኙትን ገንዘብ ቡድን ለማስፋት አላዋሉትም፤ ጊዜ ገዙበት። ተከታዩን «ሲልክሶንግ»ን በ2019 አስታውቀው በመስከረም 2025 ሲለቁት የገዢው ብዛት የኢንተርኔት ሱቆችን አጨናነቀ። ጥሎባቸው በሥራቸው ይደሰታሉ፤ ማንም እያጣደፋቸው አልነበረም። እንዲህ ያለ ትጋት ያስቀናኛል።

ለወጣቶች ዝም ብላችሁ ትጉ የሚለውን ምክር የማልወደው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2024 ብቻ በስቲም ላይ ከ18 ሺህ በላይ አዳዲስ ጨዋታዎች ወጥተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ማንም አያውቃቸውም፤ ሠሪዎቻቸው ከባሮን ያነሰ ተግተዋል ብሎ የሚምል አለ? አራት ዓመት መትጋት የሚችለው አራት ዓመት የሚኖርበት ያለው ነው።

ይህ ጥያቄ በአህጉራችን ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የካሜሩኑ ስቱዲዮ ኪሮኦ ጌምስ ነው። መሥራቹ ጊዮም ኦሊቪዬ ማዲባ «ኦሪዮን» የተባለውን ጨዋታ ማሰብ የጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተማሪ ሳለ ነው፤ ያውንዴ ላይ ስቱዲዮው የተከፈተው ግን በ2013 ነው። ባንክ ስለማያበድር ከብዙ ትናንሽ ባለ አክሲዮኖች በኢንተርኔት ገንዘብ አሰባሰበ፤ በኋላም ከጨዋታ ወዳጆች ወደ 50 ሺህ ዩሮ አገኘ። መብራት በየጊዜው እየጠፋባቸው ሠሩ። በአፍሪካ አፈ ታሪክና ባህል ላይ የተመሠረተው ጨዋታ በሚያዝያ 2016፣ ከ«ስታርዲው ቫሊ» ሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው በስቲም ገበያ ወጣ። የሲያትሉ ልጅ የፍቅር ጓደኛው ቤቱን ስለያዘችለት ሠራ፤ የያውንዴዎቹ ግን ያንን ቤት የሚይዝ ሰው ከበርካታ አገሮች በጥቂት በጥቂት መለመን ነበረባቸው።

አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለው ስቱዲዮ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ዳዊት አብርሃምና ባልደረቦቹ ሲጀምሩ የሚከተሉት የአገር ውስጥ ዱካ እምብዛም አልነበረም። በ2022 ከኪሮኦና ከሌሎች የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ጋር በአንድ ማኅበር ተደራጅተዋል፤ አንዱ ያገኘውን ገበያ፣ ያወቀውን መሣሪያ ለሌላው እንዲያካፍል። ጎበዝ ልጅ በየሠፈሩ አለን። አራት ዓመት ኪራዩን የሚከፍልለት፣ እንደ አለን ኮቶክም የጎደለውን ፈልጎ ይዞለት የሚመጣ ሰው ያለው ግን ስንቱ ነው?